ሳሉ አልለቅ ያላችሁ የአሪዞናና የካሊፎርኒያ ልጆች፣ ቫሊ ፊቨር ተመርምራችኋል?

የሜሳ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ አንድ ሰው እንኳ ቢጠቅም ብዬ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ፊኒክስ ከገባ ሁለት ዓመት ሆነው። ማታ ሹትል ይነዳል። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኛው ጋር የሰው ግቢ ይሠራል፤ ይቆፍራል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ጠጠር ያነጥፋል። ታሞ ተኝቶ አያውቅም። ባለፈው ጁላይ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ያ ትልቁ የአቧራ ማዕበል መጣ። እዚህ «ሀቡብ» ነው የሚሉት። እኛ ቤታችን መስኮት ዘግተን ስናይ ግድግዳ ቆሞ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። እሱ ሜዳ ላይ ነበር። አፉን በቲሸርቱ ሸፍኖ ሥራውን ጨርሶ ገባ። ሲታጠብ ከላዩ የሚወርደው ውሃ ቡና ይመስል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መሳል ጀመረ። ምች ነው አልን። እናታችን በስልክ «ዳማከሴ አሽታችሁ ስጡት» አለች። ትኩሱ ከየት ይምጣ? ከሀበሻ ሱቅ የደረቀውን ገዝተን አፈላንለት። አላበው፣ ደስ አለን። ላቡ ግን ከዚያ ሌሊት በኋላም አላቆመም። በየሌሊቱ አንሶላው ውሃ እስኪሆን ያልበው ጀመር።

ክሊኒክ ሄደ። የሳምባ ምች ነው ተባለ፣ አንቲባዮቲክ ሰጡት። አልተሻለውም። ሌላ ቀየሩለት። እሱም አልሆነም። ሦስተኛ ሰጡት። እግሩ አገዳ ላይ ሲነኩት የሚያም ቀይ እብጠት ወጣበት። ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብቼ ቀበቶው ላይ በቢላ ጫፍ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አገኘሁት። 9 ኪሎ ቀንሶ ነበር። ለእኛ አልነገረንም።

በመጨረሻ ራጅ ተነሳ። ሳምባው ላይ ምልክት አለ ተባለ። «ከየት አገር ነው የመጣኸው?» አሉት። ከኢትዮጵያ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ቲቢ ሆነ። የደም ምርመራውም ፖዘቲቭ ወጣ። አራት ዓይነት መድኃኒት ጀመረ። ሽንቱ ብርቱካን መሰለ። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ እኛ ቤት መጣች። እሱ ብቻውን ክፍል ዘግቶ ተቀመጠ፣ ሳህኑ ለብቻ፣ ኩባያው ለብቻ። የማኅበር ሰው መጠየቅ ፈልጎ በር ላይ ቆሞ የሚመለስ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከላቦራቶሪ ተደወለ። አክታው ውስጥ የበቀለው የቲቢ ጀርም ሳይሆን ፈንገስ ነው። ቫሊ ፊቨር። ኖቬምበር ገብቶ ነበር። ከመጀመሪያው ሳል ሦስት ወር ማለት ነው።

አሁን ፍሉኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት እየወሰደ ነው። ጥያቄዬ ይኸው ነው። ከእናንተ መሃል ይሄ የደረሰበት አለ? ስሙን እንኳ ሰምተን አናውቅም ነበር።

ዲሲ ያለሁት፦

እግዚአብሔር ይማረው። አይዞሽ እህቴ። ይቅርታ አድርጊልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ይተላለፋል? የአክስቴ ልጅ ፊኒክስ ነው፣ እሱም ይሄንኑ ነገር ይዞታል ተብሏል። ጃንዋሪ ላይ ለሠርግ እኛ ቤት ሊያርፍ ነው። ልጆች አሉኝ። እንዳይመጣ ማለት ደግሞ ከበደኝ።

ሲስተር ከቱሳን፦

ዲሲ ላለኸው ወንድሜ መጀመሪያ ልመልስ። ይምጣ። እቀፈው። አጉርሰው። ቫሊ ፊቨር ከሰው ወደ ሰው በሳልም፣ በትንፋሽም፣ በምግብም አይተላለፍም። የሚይዘው ከአፈር ነው።

የሜሳ እህት፣ የወንድምሽን ታሪክ ሳነብ ፊቴ ላይ የመጡት ብዙ ሕመምተኞች ናቸው። እዚህ በነርስነት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ይሄንኑ መንገድ ሄደው የመጡ ሀበሾች አይቻለሁ። አንቲባዮቲክ፣ አንቲባዮቲክ፣ ቲቢ፣ ከዚያ ኮክሲ። እኛ ሥራ ቦታ ባጭሩ «ኮክሲ» ነው የምንለው፤ የፈንገሱ ሙሉ ስም ኮክሲዲዮይድስ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ካወቃችሁት አትረሱትም። ፈንገሱ አፈር ውስጥ ይኖራል። ዝናብ ሲያገኝ እንደ ቀጭን ክር እየተሳበ ይበቅላል። አፈሩ ሲደርቅ ክሩም ይደርቅና በትንሽ ነገር የሚበጣጠስ ይሆናል። አካፋ ሲነካው፣ ጎማ ሲሄድበት፣ ንፋስ ሲያነሳው ተሰባብሮ ይበናል። አንዱ ብናኝ ከ2 እስከ 5 ማይክሮን ነው፣ በዓይን አይታይም። እሱን የተነፈሰ ሰው ሳምባ ውስጥ ሲገባ ቅርጹን ይለውጣል። ያብጥና ድቡልቡል ይሆናል፣ ሆዱ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሾች ይሞላሉ። በማይክሮስኮፕ ያየሁ ቀን የተከፈለ ሮማን ነው የመሰለኝ። ከዚያ ይፈነዳል፣ እያንዳንዷ ፍሬ ደግሞ እንደገና ታብጣለች።

ከተያዙት ሰዎች ወደ 60 ከመቶው ምንም አይሰማቸውም ወይም እንደ ቀላል ጉንፋን ያልፋቸዋል። የቀሩት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታመማሉ። ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ያ የአገዳ ላይ ቀይ እብጠት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድካም። ሰው ጫማውን አስሮ ሲጨርስ የሚያርፍበት ዓይነት ድካም። አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናል። ጥቂቶች ላይ፣ ከመቶ አንድ ገደማ፣ ከሳምባ ወጥቶ ወደ ቆዳ፣ ወደ አጥንት፣ ወደ አንጎል ሽፋን ይሄዳል።

እዚህ ላይ ለእኛ ልዩ ነገር አለ። ጥቁሮችና ፊሊፒኖዎች ላይ ከሳምባ ወጥቶ የመሰራጨት ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ነፍሰ ጡሮችና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎችም እንደዚሁ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ሳምባው ላይ ይከፋበታል። በዚህ የተነሳ በ2013 አንድ የፌዴራል ዳኛ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሉ ሁለት እስር ቤቶች፣ ከአቬናልና ከፕሌዛንት ቫሊ፣ ጥቁርና ፊሊፒኖ እስረኞች ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ አዝዘዋል። እስረኞቹ በአቧራው ምክንያት እየታመሙ ነበር። ይሄን የምነግራችሁ ለማስደንገጥ አይደለም። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ «ጥቁር ነኝ፣ አፈር ላይ እሠራለሁ» ማለት ዋጋ እንዳለው እንድታውቁ ነው።

ነባሩ፦

እኔ ፊኒክስ 28 ዓመት ኖሬያለሁ። ልጆቼን እዚሁ ወልጄ አሳድጌአለሁ። ስንት አቧራ አሳልፈናል። አንዳችንም አልታመምንም። አዲስ የሚመጣውን ሰው አታስፈራሩት። አገር ለቆ፣ ቤት ሸጦ የሚሸሽ ይኖራል።

ሲስተር ከቱሳን፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ ይድረስዎት። እርስዎ ተይዘው ሳያውቁት አልፎ ይሆናል። አንዴ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን መከላከያ ይኖረዋል። ሽሹ አላልኩም፣ እኔም እዚሁ ነው የምኖረው። አዲስ የመጣው ሰው ግን ሳምባው ይሄን አፈር አያውቀውም። ለእሱ ነው የምጽፈው።

የሲያትል ሾፌር፦

ትራክ ስቶፕ ቆሜ ነው የምጽፈው። ሲስተር «ወደ አጥንት» ያለችው እኔ ነኝ።

ስምንት ዓመት ከሲያትል ሎስ አንጀለስ ጭነት አመላልሻለሁ። አይ ፋይቭ፣ ሃይዌይ 99፣ በየወሩ። ብዙ ጊዜ የማድረው ካሊፎርኒያ፣ ሸለቆው ውስጥ ያለችው ቤከርስፊልድ አካባቢ ነው። ሞተር አጥፍቼ መስኮት ከፍቼ ነበር የምተኛው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ። የአልሞንድ ዛፍ አዝመራ የሚራገፍበት ሰሞን ያ ሸለቆ ጭጋግ የወረደበት ነው የሚመስለው። ጠዋት ስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ በጣቴ ስሜን መጻፍ እችላለሁ።

አንድ ሰሞን ሁለት ሳምንት አሳለኝ፣ ተወኝ። ረሳሁት። ከአምስት ወር በኋላ ወገቤ። ሐኪሙ «ሾፌር ነህ፣ ወገብ የሾፌር በሽታ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ተቀበልኩ። ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። ለእብጠቱ ብሎ ስቴሮይድ ሰጠኝ፣ ትንሽ ቀለል አለኝና ከዚያ ባሰብኝ። ሌሊት ከአልጋ ለመውረድ ሚስቴ ነበር እግሬን የምታነሳልኝ። ኤምአርአይ ሲነሳ አከርካሪዬ ተበልቷል። ካንሰር ነው ተባለ፣ ከዚያ ቲቢ ነው ተባለ። በመርፌ ወስደው ሲያዩት ፈንገስ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የጠየቁኝ «የት ነው የምትኖረው?» ብለው ነው። ሲያትል አልኩ። «በየት በየት ታልፋለህ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። ይኸው ሁለት ዓመት ፍሉኮናዞል ላይ ነኝ። ከንፈሬ ይሰነጣጠቃል፣ ፀጉሬ ሳስቷል። ግን እራመዳለሁ፣ ተመስገን።

ትራክ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ መታወቂያችሁ ላይ ያለው አድራሻ ሳምባችሁ የት እንደዋለ አይናገርም። ይሄን ለሐኪም መናገር የእናንተ ፈንታ ነው።

ሲስተር ከቱሳን፦

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። ስለ ስቴሮይዱ ያነሳኸው ትልቅ ነገር ነው። ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክም ኮክሲ ያለበት ሰው ላይ ሊያባብሰው ይችላል። ሳል ያለበት ሰው «ለአስም ነው» ተብሎ ከመጀመሩ በፊት፣ በእነዚህ አካባቢዎች ኖሮ ወይም አልፎ ከሆነ፣ ይንገራቸው።

የሳክራሜንቶ ተማሪ፦

የሕዝብ ጤና ነው የምማረው። የዘንድሮ ሥራዬ ይሄው በሽታ ስለሆነ ልቀላቀላችሁ። ሾፌሩ ያለው ነገር አሁን ትልቁ ጥያቄ ነው፤ በሽታው የት አለ?

ስሙ «የሸለቆ ትኩሳት» የተባለው በሳን ዋኪን ሸለቆ ምክንያት ነው፤ ፍሬዝኖና ቤከርስፊልድ ያሉበት። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የተማሩበት ካርታ የተሳለው በ1940ዎቹና በ50ዎቹ በቆዳ ላይ በተደረገ ምርመራ ነው። እሱ ካርታ ደቡብ ምዕራቡን ብቻ ቀለም ቀብቶ ሌላውን ነጭ ይተወዋል። አፈሩና ዝናቡ ግን በ1950ዎቹ እንደነበሩ አልቆሙም።

በ2010 እና በ2011 ዋሽንግተን ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል ሦስት ሰዎች ታመሙ። ሦስቱም የያዛቸው እዚያው ነው። አፈሩ ሲመረመር ፈንገሱ ተገኘ። ማንም እዚያ ይኖራል ብሎ አልጠበቀም ነበር። የሲያትል ወገኖች፣ ከተራራው ማዶ ያለው ደረቅ አገር ማለት ነው። ከዚያ በፊትም በ2001 ዩታ ውስጥ ዳይኖሰር ብሔራዊ ቅርስ በሚባለው ቦታ ቁፋሮ ላይ የነበሩ 10 ሰዎች ታመው ነበር።

ቁጥሩንም ተመልከቱ። ካሊፎርኒያ በ2014 የመዘገበችው ወደ 2,300 ሕመምተኛ ነው። በ2024 ከ12,000 በላይ ሆነ፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በመላው አሜሪካ በ2019 የተመዘገበው ወደ 20,000 ነው፣ አብዛኛው አሪዞናና ካሊፎርኒያ። ያ የተመረመረው ብቻ ነው። ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት ማለት ነው፣ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ ከ10 እጥፍ በላይ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ልዩነቱ ውስጥ ያሉት እንደ የሜሳ እህት ወንድም ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ላቦራቶሪ ያልደወለላቸው።

ለምን ጨመረ? አንዱ ምክንያት ዝናብና ድርቅ ነው። ድርቁ ሲበረታ ፈንገሱ ይቀንሳል። ከድርቅ በኋላ ጥሩ ክረምት ሲዘንብ ደግሞ ያለ ተወዳዳሪ ይስፋፋል፣ በጋው ሲመጣ ይደርቅና ይበናል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ድርቅ ባለቀ ማግስት ነው ቁጥሩ የሚዘለው። ሌላው ምክንያት እኛ ነን፤ ቤት እየተሠራ ያለው ትናንት በረሃ በነበረ መሬት ላይ ነው። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት፣ ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሽታው ያለባቸው ግዛቶች ከ12 ወደ 17 ይደርሳሉ፣ ሕመምተኛውም በግማሽ ይጨምራል ይላል።

የእኔ ከተማ ሳክራሜንቶ ዋናው ቀጠና ውስጥ የለችም። ግን በዲሴምበር 1977 ከቤከርስፊልድ አካባቢ የተነሳ ኃይለኛ ንፋስ አቧራውን እዚህ ድረስ አመጣው፣ በመቶ ኪሎሜትሮች አቋርጦ። በቀጣዮቹ ሳምንታት እዚህ ብቻ ከ100 ሰው በላይ ታመመ። እነዚያ ሰዎች ከቤታቸው አልወጡም። ሸለቆው ነው እነሱ ጋ የመጣው።

ኤሌክትሪሺያኑ፦

ቤከርስፊልድ ባለበት ከርን ካውንቲ ሶላር ፋርም (የፀሐይ ኃይል ማመንጫ) ላይ ሠርቻለሁ። ሺህ ሄክታር መሬት በአንድ ጊዜ ይገለባበጣል፣ በቀን ስንት ማሽን ይመላለስበታል። በ2011 እና በ2014 መካከል እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ልዊስ ኦቢስፖ ውስጥ ሁለት ሶላር ፋርም ላይ 44 ሠራተኞች ታመዋል። ይሄን የነገሩን በሥልጠናው ላይ ነው።

ሥልጠና የምለው ሕግ ስላለ ነው። በ2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሕግ ወጣ። ከርን፣ ኪንግስ፣ ፍሬዝኖ፣ ቱላሬና ሌሎችም በሽታው የበዛባቸው ካውንቲዎች ውስጥ የኮንስትራክሽን ሠራተኛ ስለ ቫሊ ፊቨር በየዓመቱ ሥልጠና ማግኘት አለበት። ማንም ካላሠለጠናችሁ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።

ሳይት ላይ የሚሠራው ነገር ቀላል ነው። አፈሩን ከመቆፈር በፊት ማርጠብ። ከንፋሱ ወደ ላይ መቆም፣ አቧራው ወደ ሌላ እንዲሄድ። የማሽን ካቢን መስኮት መዝጋት። ኤን 95 የሚባለውን ማስክ ማድረግ፤ የጨርቁ ማስክ ለዚህ አይረዳም፣ ቲሸርትማ ጭራሽ። ሌላው ሰው የሚረሳው ልብስ ነው። እኔ ቡትሴንና ቱታዬን መኪናው ኋላ በፌስታል አስሬ ነው የምገባው። ትንሿ ልጄ በር ላይ ሮጣ ስለምታቅፈኝ።

የውሃ ቦቴው ቆሞ የዋለ ቀን ሥራ አልጀምርም ብዬ ፎርማን ጋ ተጣልቼ አውቃለሁ። ስደተኛ ሆኖ ይሄን ማለት ይከብዳል። አውቃለሁ።

የሳክራሜንቶ ተማሪ፦

ማርጠቡ የቆየ ዘዴ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያ ሸለቆ ውስጥ የአየር ኃይል ምልምሎች ይሠለጥኑ ነበር፣ በብዛት ይታመሙ ነበር። ቻርልስ ስሚዝ የሚባሉ ሐኪም ማኮብኮቢያውን አስፋልት አስደረጉ፣ ሜዳውን ሣር አስተከሉ። ሕመምተኛው በጣም ቀነሰ። ሰማንያ ዓመት አለፈው።

ነፍሰ ጡሯ ከፍሬዝኖ፦

ሲስተርዬ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ስለ ነፍሰ ጡር ያልሽውን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለቤቴ እርሻ ላይ ነው የሚሠራው። ምን ላድርግ?

ሲስተር ከቱሳን፦

የእኔ እህት፣ ተረጋጊ። ሳል ወይም ትኩሳት ከሌለብሽ አሁን የሚያስፈልግሽ ጥንቃቄ ብቻ ነው። የባልሽን የሥራ ልብስ አንቺ አታራግፊ። እሱ ውጭ አውልቆ ራሱ ማሽን ውስጥ ያስገባው። ነፋስ ያለ ቀን መስኮት ዝጊ። ግቢ አትጥረጊ።

ቀጠሮሽ ላይ ለሐኪምሽ ባለቤትሽ እርሻ ላይ እንደሚሠራ ንገሪያት። በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ይሄ በሽታ እናት ላይ ሊከፋ ስለሚችል፣ ሳል ከመጣ ሳምንት አትጠብቂ። መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ፍሉኮናዞል በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ፅንስ ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ነው የሚመርጥልሽ። ከሰው ቤት የተረፈ ኪኒን እንዳትወስጂ፣ አደራ።

የቢሾፍቱ የእንስሳት ሐኪም፦

አገር ቤት ሆኜ እየተከታተልኳችሁ ነው። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ኮክሲ ያለው አሜሪካ አህጉራት ላይ ብቻ ነው። አገራችን አፈር ውስጥ የለም። ስለዚህ ለገና ወይም ለጥምቀት መጥታችሁ እዚህ ብትታመሙ፣ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ቲቢ ነው። ቢያስብ አይፈረድበትም፣ አገሩ የሚያሳየው እሱን ነው። «ከአሪዞና ነው የመጣሁት፣ እዚያ አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ አለ» ካላላችሁት ከየት ያውቀዋል? የወንድማችሁ ነገር ተገልብጦ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ይሄ የተረሳ የፈንገስ በሽታ የሚባለው ነገር ለእኔ ሩቅ አይደለም። የጋሪ ፈረስ እግሩ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ አንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚያብጥና የሚፈነዳ ቁስል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም ፈንገስ ነው፣ ሂስቶፕላዝማ የሚባለው ዘር። በ2006 የታተመ ጥናት በ28 ከተሞች ወደ 19,000 የጋሪ ፈረሶች አይቶ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ታሞ አገኘ። ሞቅ ባለው አካባቢ ይበዛል፣ ብርዱ ደጋ ላይ ይቀንሳል። ከእናንተው ጋር አንድ አይደለም፤ የፈረሱ በቁስል፣ በኮርቻና በልጓም፣ በዝንብም ይተላለፋል። ግን ታሪኩ ይመሳሰልብኛል። የሚጎዳው ድሃ ሲሆን ቆጣሪ የለውም። ባለጋሪው መድኃኒቱን መግዛት አይችልም። ፈረሱ ሲያነክስ የዕለት ገቢው ያንኑ ቀን ይቆማል። ጠዋት ክሊኒክ በር ላይ ፈረሱን ይዞ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ዛሬ ይሠራልኝ ይሆን?» ብሎ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ትኩረት የሚያስፈልጋቸው 19 ፈንገሶች ብሎ ሲዘረዝር ሂስቶፕላዝማም ኮክሲዲዮይድስም ገብተዋል። ለፈንገስ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። በ2022 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ፣ የመጀመሪያው።

ነባሩ፦

ተመልሼ መጣሁ። ትናንት የጻፍኩትን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ያ ቤቱን ያሠራንበት ዓመትስ?» አለችኝ። እውነትም በዚያ ዓመት ሁለት ወር ሙሉ ስስል ነበር። ቅዳሴ መሃል እየወጣሁ ደጅ የምቆም ነበርኩ። አለርጂ ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት። ማን ያውቃል።

«አንዳችንም አልታመምንም» ያልኩትን መልሼአለሁ። የሜሳ እህት፣ ይቅር በይኝ። ወንድምሽ ሰው ካስፈለገው እኔ እዚሁ ፊኒክስ አጠገብ ቻንድለር ከተማ ነኝ፣ ሐኪም ቤት አደርሰዋለሁ።

የሜሳ እህት፦

ጋሼ፣ ምን ይቅርታ አለው፣ እግዜር ያክብርልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአራት ወር ያህል ጠፍቼ ነበር፣ ስለ እሱ ልንገራችሁ።

ደሙ ውስጥ የሚለካ ታይተር የሚሉት ቁጥር አለ። ሲጀመር አንድ ለ32 ነበር፣ ከፍ ያለ ነው አሉን። አንድ ለ16 ከደረሰ ጀምሮ ወደ ሌላ አካል እንዳይሄድ በደንብ ይከታተላሉ። ስለዚህ አጥንቱን ሁሉ አዩት። ወገቡ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ለ8 ወረደ። ኪሎውም እየተመለሰ ነው። ያቺ በቢላ የበሳት ቀዳዳ አሁን ትጠበዋለች።

ሐኪሟን አንድ ነገር ጠየቅኳት። «መጀመሪያ ቀን ቢመረመር ኖሮስ?» አልኳት። በመጀመሪያው ሳምንት የደም ምርመራው ኔጋቲቭ ሊወጣ ይችላል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ያስፈልጋል አለችኝ። ቀለል ያለ ከሆነም ብዙ ጊዜ መድኃኒት ሳይሰጥ ክትትል ብቻ እንደሚደረግ ነገረችኝ። ቢያንስ ግን እነዚያን ሁሉ አንቲባዮቲኮች አይውጥም ነበር። ልጆቹም አባታቸውን ይፈሩት አልነበረም። ትንሹ አሁንም ኩባያው ላይ «ይሄ የአባዬ ብቻ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ሲስተር ከቱሳን፦

ደስ የሚል ዜና ነው፣ እልልታዬን ላኪልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2007 እና በ2008 አሪዞና ውስጥ ታማሚዎችን ጠይቀው ነበር። ሐኪም ጋ ከሄዱበት ቀን እስከታወቀላቸው ቀን ድረስ ግማሾቹ ከ55 ቀን በላይ ፈጅቶባቸዋል። ነገር ግን ስለ ቫሊ ፊቨር አስቀድመው የሚያውቁት ቶሎ ታውቆላቸዋል። ምክንያቱም ራሳቸው «መርምሩኝ» ብለዋል።

የላስ ቬጋስ ነዋሪ፦

ሰላም። ውይይቱን በሙሉ አነበብኩት። ባለቤቴን ሦስት ሳምንት አሳለው። ሁለተኛው አንቲባዮቲክ ላይ ነው። እዚህም አለ እንዴ? የሚሠራው የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው፣ ፊት ለፊቱ አዲስ ሕንፃ እየተቆፈረ ነው። እንግሊዝኛ ብዙም አልችልም። ስደውል ምን ልበል?

ሲስተር ከቱሳን፦

አለ እህቴ፣ ኔቫዳም ውስጥ አለ። እንዲህ በያቸው፦ «ባለቤቴ ሦስት ሳምንት አሳለው። ሁለት አንቲባዮቲክ ወስዶ አልተሻለውም። አቧራ ያለበት ቦታ ይሠራል። የቫሊ ፊቨር የደም ምርመራ እንፈልጋለን።» አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለሽ፣ ሲነሱልሽ መጀመሪያ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በይ። ቃሉ ራሱ «ቫሊ ፊቨር ቴስት» ነው። ወረቀት ላይ ጻፊውና ስልኩ አጠገብ አድርጊው። የሌሊት ላብ ካለው እሱንም ንገሪያቸው።

ራስ ምታት ከጠናበት፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም ግራ የሚያጋባ ነገር ካወራ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የላስ ቬጋስ ነዋሪ፦

ላብ አለው። በየሌሊቱ። ራስ ምታት የለውም።

ደወልኩ። ለነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሰጡን። ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከትቼለታለሁ።